ባዶ ከአንድ ያንሳል

ከጋሽ ዋኘው ጋር ሉዶ የተጫወተ ሰው ደም ግፊት ቢይዘው አይፈረድበትም። ጎንደር፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር፤ ተከራክሮ የሚረታው ሰው አልተገኘም። በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ዳይሱን በመዳፉ ሲያሽ ገና ሳየው ይደክመኛል።

ዳይሱ ከጠረጴዛ ከወደቀ ይደገማል የሚል ደንብ ነበረን። ጋሽ ዋኘው ታዲያ የማይፈልገው ቁጥር ሊመጣ ሲል ጠረጴዛውን በጉልበቱ ነካ ያደርጋል፤ ዳይሱ ዱብ!

"ይደገማል!"

"ሆን ብለው ነው የጣሉት!" እላለሁ።

"ሆን ተብሎ ከሆነ አይቆጠርም የሚል ደንብ የት አለ? እስቲ አሳዪኝ፣ ሽታዬ።"

አንድ ቀን ቢቸግረኝ አዲስ ደንብ አወጣሁ፤ ዳይሱ በተከታታይ ሁለቴ የወደቀበት ሰው ባዶ ይቆጠርበታል። ሁሉም አጨበጨበልኝ። እሱ ብቻ "ይቺ በእኔ ላይ የወጣች ናት" ብሎ አኩርፎ ሰነበተ።

በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወደ ገጠር ሲዘልቅ፣ ከእኛ አንድ መምህር ክረምቱን ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሄዶ እንዲያስተምር ታዘዘ። ማን እሺ ይበል? በወረቀት ዕጣ እንዳንጣጣል፣ ቀደም ሲል ጋሽ ዋኘው "የወረቀቱ ጫፍ ታጥፏል" ብሎ ስብሰባ በትኖብናል። ስለዚህ በሉዶው ደንብ፣ በዳይስ ይሁን ተባለ። ትንሹን ቁጥር ያወጣ ይዘምታል።

እናቴ ያኔ አልጋ ላይ ነበረች። ሐኪሞቹ "ከእንግዲህ አጠገቧ ሁኚ" ብለው ወደ ቤት መልሰዋታል፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ለርዕሰ መምህሩ ብነግረው "ችግር የሌለበት ቤት የለም፣ ጓዲት" አለኝ። ወረወርኩ። አንድ ወጣ።

የቀረው ጋሽ ዋኘው ነው። ወረወረ፤ ዳይሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ይደገማል" አለ።

ደሜ ፈላ። በዚህ ቀን እንኳ! ዳይሱ ላይ ከአንድ በታች ቁጥር የለ፤ ምን አስፈርቶት ነው የሚያጭበረብረው?

ደግሞ ወረወረ፤ አሁን በኃይል። ዳይሱ ጠረጴዛውን ዘሎ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ።

"ባዶ" አለ ኮቱን እያስተካከለ። "ባዶ ከአንድ ያንሳል። የምሄደው እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለው ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሆን ተብሎ ከሆነ አይቆጠርም የሚል ደንብ የት አለ? ያወጣሽው አንቺ! ምነው፣ ዛሬ ጠላሽው?"

ርዕሰ መምህሩ ይደገም ቢል አፍ አፉን አለው። እሱን ማን ይችለዋል? በሳምንቱ ወደ ጃናሞራ ወጣ።

እናቴ ነሐሴ ላይ አረፈች። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ጋሽ ዋኘው ከስቶ፣ ብርዱ ፊቱን ልጦት ተመለሰ። ላመሰግነው ብጠጋ "ለደንብ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?" ብሎ ሉዶውን ዘረጋ። ወረወረ፤ ዳይሱ ወደቀ። ደገመ፤ ወደቀ።

"ጠረጴዛው ዘሞ ነው፤ ይደገማል!"

"ባዶ! ባዶ!" ብለው ጮኹበት። ዳይሱን ከወለሉ አንሥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ይድገሙ፣ ጋሽ ዋኘው" አልኩ።