የባለቤቴ ወለምታ

ባለቤቴ የማያውቀው ነገር የለም። ሚዛን ከተማ ውስጥ የአንድ ቢሮ ቡድን መሪ ነው፤ ቤት ሲገባም መምራቱን አያቆምም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ጓሮ ቆመው የእኛን አቮካዶ ሲያደንቁ፣ ወንድምየው "በረጅም እንጨት እናውርደው" ቢለው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ወጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ግንዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ተንሸራቶ በግራ እጁ ላይ ወደቀ።

ክንዱ መሃል ላይ ጎብጧል። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

"ተሰብሯል፤ ባጃጅ ልጥራና ሆስፒታል እንሂድ" አልኩት።

"ወለምታ ነው" አለኝ ላቡ እየተንቆረቆረ። "ጣቴ ሲንቀሳቀስ አታዪም? የተሰበረ አይንቀሳቀስም።"

ወንድምየውም "ሆስፒታል ከሄደ መቁረጥ ነው የሚቀናቸው" ብሎ አገዘው። ሁለት የተማሩ ሰዎች! ሠፈር ውስጥ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ወጌሻ ተጠሩ። ቅቤ ቀቡት፣ ጎተቱት፣ ጩኸቱ ጎረቤት ሰበሰበ። ከዚያ ክንዱን በቀርከሃ ፍላጭ ዙሪያውን ደግፈው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት።

"አባባ፣ አልጠበቀም?" አልኳቸው።

"ካልጠበቀ አይገጥምም፣ ልጄ። እስከ ሁለት ሳምንት እንዳትፈቱት።"

ከሰዓት በኋላ እጁ አብጦ ጣቶቹ ጠቆሩ። ሕመሙ በማስታገሻም አልበርድ አለ። "እየገጠመ ነው" ይላል ጥርሱን ነክሶ። ጣቶቹን ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ። አንዱን ቀና ባደርገው ጮኸ፤ ጫፉን ብቆነጥጠው ግን አልሰማውም። መቀስ አመጣሁ።

"እንዳትነኪው! አባባ ያሉትን አልሰማሽም?"

ማሰሪያውን ቆረጥኩት። ወንድምየው ማየት አልቻለም፤ ወደ ውጭ ወጣ። እዚያው እያለ ባጃጅ እንዲጠራ አዘዝኩት፤ ቢያንስ እሱን ቻለበት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ነበረች። ራጁን ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችን፤ ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች ተሰብረዋል።

"ጣቴ እኮ ይንቀሳቀስ ነበር" አላት።

"የተሰበረም ይንቀሳቀሳል፣ አባቴ። አሁን የሚያሳስበኝ አጥንቱ አይደለም። እብጠቱ ውስጥ ውስጡን ጡንቻውን አፍኖታል፤ ደም አያሳልፍም። ቶሎ ቀደን ካላስተነፈስነው እጁ ይሞታል።" ወደ እኔ ዞራ "ማሰሪያውን ማን ፈታው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ጥሩ አደረጉ። ግን ዘግይታችኋል።"

"አባቴ" መባሉ ከስብራቱ በላይ ሳያመው አልቀረም።

ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እሱንም ወንድሙንም በልቤ ስሰድብ ቆየሁ። ስድቡ ሲያልቅብኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወጌሻው ሲጎትቱ ትከሻውን ጨምድጄ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ስብራት መሆኑን እያወቅሁ፣ "ያዢው" ስለተባልኩ ብቻ። ከሦስታችን ማንን ይበልጥ እንደናቅኩ አሁንም አላውቅም።

ቁስሉ ክፍት ሆኖ ቀናት ቆየ፤ አጥንቱ በብረት ተያያዘ። እጁ ተርፏል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። በግራ እጁ የቀኝ እጅጌውን ቁልፍ መቆለፍ ስለማይችል ጠዋት ጠዋት እኔ እቆልፍለታለሁ። እሱ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።