ለእትዬ ዘሐራ ውሃ የሚከፍለው ሰው

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በሚመጣው ሐሙስ በሰፈራችን አንዲት ፍየል ልትታረድ ነው፤ የምትታረደውም በእኔ ስህተት ነው... ላስቀራት ይገባኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ሊገለጥልኝ አልቻለም።

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ለጁምዓ ውዱእ ላደርግ ቧንቧውን ብከፍተው ሁለት ጊዜ አንኮራፍቶ ዝም አለ። ወደ ደጅ ብወጣ፣ አንድ የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ቆጣሪዬ ላይ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን ያሽከረክራል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«ሦስት ወር አልከፈሉም፣ አባባ። እየቆረጥኩ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ባንኩ በየወሩ የሚልክልኝን መልእክት አሳየሁት። ሦስቱም «ክፍያዎ ተፈጽሟል» ይላሉ። አንዱም በመጨረሻው አራት ነጥብ የለውም፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

«እኛ ጋ አልገባማ! ባንኩን ይጠይቁ እንጂ እኔን ምን ያደርጉኛል?» ብሎኝ ሄደ።

በባንክ መክፈል ውስጥ ያስገባችኝ ደሴ የምትሠራው ልጄ ራህመት ናት። «አባ፣ ከእንግዲህ ሰልፍ የለም፤ ቀኑ ሲደርስ ባንኩ ራሱ ይከፍልልሃል» አለችኝ። ቅጹን ልትሞላልኝ ስትነሣ ግን ከለከልኋት። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም በጡረታ ላይ ሆኜ የከሚሴ ጎረቤቶቼ ደብዳቤና ደረሰኝ የሚያስነብቡት እኔን ነው። እንዴት የራሴን ቅጽ ሌላ ሰው ይሞላልኛል?

ያን ዓርብ ጁምዓው እንዳያመልጠኝ ማሰሮዬን ይዤ አጥር ተሻግሬ ወደ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሄድሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር! ማሰሮ ይዘው? ኸይር ነው?»

«ውሃዬን ቆረጡብኝ።»

«የእርስዎን? ያ ረቢ! የተማረው ተቆርጦበት ያልተማረችው ትቅዳለት?» ብለው ሳቁብኝና ቧንቧቸውን ከፈቱልኝ። «ይቅዱ፣ ይቅዱ። ይህ ውሃ እንደሁ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወላሂ አላውቀውም። ሦስት ወር ሙሉ ልከፍል ስሄድ በመስኮት ያለው ልጅ 'ተከፍሎልዎታል፣ ይሂዱ' ይለኛል። ማን ከፈለው ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። እኔ እኮ ቆጣሪውን አስነቅዬ ከቦርከና ወንዝ ልቀዳ ቆርጬ ነበር... ይኸው አላህ አንድ ባሪያውን አስነሣልኝ።»

እኔም «ማሻአላህ» አልሁ። ከልቤ ነበር ያልሁት።

«እና ሐሙስ ዱአ ላስደርግለት ነው። ያችን ከሰንበቴ ገበያ የገዛኋትን ፍየል አርዳለሁ።»

«ያለችዎ እርሷ ብቻ አይደለችም እንዴ?»

«ብትሆንስ? ግን ዱአው ላይ ስሙ መጠራት አለበት። ስም የሌለው ሰው እንዴት ይመረቃል? እርስዎ የፊደል ሰው ነዎት፤ ባንክም ይሁን የትም ሄደው ስሙን ያጣሩልኝ።»

«ኢንሻአላህ፣ አጣራለሁ» አልሁ።

«ገለቶማ!» ብለው አመስግነው ማሰሮዬን ራሳቸው ሞሉልኝ።

ሰኞ ጧት ባንክ ገባሁ። የሄድሁት ግን ለመውቀስ ነበር። የምትወቀሰዋ የባንኩ ሠራተኛ ልጅ ስክሪኗን አየችና፣

«ጋሼ፣ ክፍያው በየወሩ ሄዷል እኮ» አለች።

«ወዴት?»

«ወይዘሮ ዘሐራ ወደሚባሉ ደንበኛ። ቤተሰብዎ ናቸው?»

ቅጹ ይውጣልኝ አልሁ። ወጣ። የደንበኛ ቁጥሩ በእጄ ጽሑፍ፣ ያውም ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል... የእርሳቸው ቁጥር ነው! ቅጹን በሞላሁበት ሰሞን እትዬ ዘሐራ ላስነብብ ብለው ያመጡት የውሃ ወረቀት ከእኔው ወረቀት ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስሙን ሳላነብ ቁጥሩን ገለበጥሁ። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ስህተት በቀላሉ አላልፈውም ነበር።

«ታዲያ ላስተካክለው ወይስ እንዲሁ ይቀጥል?» አለችኝ ልጅቱ።

«ቆዪ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ስሙን ላጣራ ቃል ገብቻለሁ፤ አጣርቻለሁም። «እኔ ነኝ» ብላቸው ያልሠራሁትን ደግነት እወስዳለሁ፤ ሥራ ሁሉ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው፣ እኔ ደግሞ የነየትሁት የራሴን ቧንቧ ነው። «በስህተት ነው» ብላቸው ፍየሏ ትተርፋለች፣ ግን እትዬ ዘሐራን አውቃቸዋለሁ፤ የሦስቱን ወር ካልመለስሁ ብለው ያችኑ ፍየል ሰንበቴ ወስደው ይሸጧታል። ዝም ብል ደግሞ ትታረዳለች። በየትኛውም በኩል ብዞር ፍየሏ የምታመልጥበት መንገድ አጣሁላት።

ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። ያ ስሙ ያልታወቀ ሰው እንዲቀር አልፈልግም። ለሦስት ወር ያህል ከእኔ የተሻለ ሰው በእኔ ስም ኖሯል፤ እንዴት ሰርዙት ልበል?

ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናንተን እጠይቃለሁ። ለባንኩም ለእትዬ ዘሐራም ምን ልበል? መልሳችሁን እስከ ረቡዕ ዐሥር ሰዓት በጽሑፍ፣ ከዚሁ ሥር አስፍሩልኝ። ሐሙስ ከዱአው መካከል ተቀምጬ «አሚን» ማለቴ አይቀርምና፣ ለማን እንደምል አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።