የውሰት ናሙና

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ፈተና ላይ የኮረጀ ተማሪ ወላጁን ሳያመጣ ክፍል አይገባም ነበር። ኮልፌ ውስጥ እሳቸው ቢሮ ገብቶ ያላፈረ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል።

እኚህ ሰው ኩላሊታቸው ታመመና እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አላቸው። ሐኪሙ አንድ ጠንካራ መድኃኒት ሊያዝላቸው አሰበ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ትል ካለ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል አለን። ስለዚህ አስቀድሞ የሰገራና የደም ምርመራ አዘዘ።

አባቴን ያሳሰባቸው ትሉ አልነበረም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ያለው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ተማሪያቸው ነበረች።

«ያስተማርኳት ልጅ የእኔን ሰገራ ልታይ?»

«ሌላ ክሊኒክ እንሂዳ፣ አባባ።»

«የትስ ብንሄድ ያላስተማርኩት መቼ ይገኛል!»

ደም መስጠቱን ግን ወደዱት። ደም ክብር አለው፤ ጀግና ያፈሰዋል፣ ዘመድ ይቆጠርበታል። ልጅቷ «ጋሼ፣ ብዙም አያምዎትም» ስትላቸው ለባንዲራ የቆሙ ይመስል ቀጥ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉላት። ለሰገራው የተሰጣቸውን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ግን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ምንም አይልሽም» አሉኝ።

ገባኝ። መቆጣት ሲገባኝ ሳቄ መጣ። የእሳቸው ልጅ ሆኜ አንድም ቀን ኮርጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስማቸው የተጻፈበትን ዕቃ በራሴ ናሙና ሞልቼ አስረከብኩ። ውጤቱ ወዲያው መጣ፤ ምንም የለም። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በእኔ እንደዚያ ሲኮሩ አይቼ አላውቅም።

የደሙ ውጤት ከቀናት በኋላ ደረሰ። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ግንባሩን አከከ።

«ደምዎ ውስጥ ትሉን የሚዋጋ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ይሄ ምርመራ ትሉን ራሱን አያይም፤ ሰውነትዎ ከትሉ ጋር መተዋወቁን ነው የሚነግረን። የድሮም ሊሆን ይችላል። ሰገራዎ ላይ ምንም ስለሌለና እብጠቱም ስለባሰ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ብንጀምር ይሻላል።»

አባቴን አየኋቸው። ኮርኒሱን ያያሉ።

«አባባ፣ ይንገሩት እንጂ።»

«ምኑን?» አሉ።

ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ።

«የእኔ ነው፣ ዶክተር!» ብዬ ጮህኩ። «ሰገራው የእኔ ነው!»

በሩ አልተዘጋም ነበር። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሊሞቱብን ነበር እኮ» አላቸው በቀስታ። ያዘዘውን ቀደደና መጀመሪያ የትሉን መድኃኒት ጻፈላቸው።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴን በገዛ እጄ ልገድላቸው ነበር፤ ያውም እየሳቅሁ። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ሞትን?»

«ኧረ የምን ሞት! ዳይሬክተሩን ትል ገደለው እንዳይባል ነው።»