የእድሩ ችካል

መርዶው ሲመጣ ሔርሜላ አንድ ቃል አላልፍ ብሏት ተቀምጣ ነበር። አራት ኪሎ ባለው የጽሕፈትና የትርጉም ቤት፣ ኮምፒዩተሯ ላይ የአንድ ድርጅት ጥናት ተከፍቷል። እንግሊዝኛው «ሩትድ» ይላል፤ በሰፈራቸው ተተክለው ስለኖሩ ሰዎች ነው የሚያወራው። «ሥር የሰደዱ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። በአማርኛ ሥር የሚሰደው ድህነት ነው፣ በሽታ ነው፣ ሙስና ነው፤ ደህና ሰው ሥር ሰደደ ሲባል ብዙም አልሰማችም። «ነባር» አለች፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰላት። «የጸኑ» ስትል ደግሞ ስብከት ሆነባት።

ስልኳ የጠራው ያን ጊዜ ነው። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ያለችው የእናቷ ጎረቤት፣ ኢልሀም ነበረች።

«ሔርሚ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ተነሽና ነይ። ብቻሽን ግን አትምጪ፤ ሰው ይዘሽ ነይ።»

ሰው ይዘሽ ነይ የሚባለው መቼ እንደሆነ እድር ያሳደገው ልጅ ያውቃል። ሔርሜላ ገጹን እንደተከፈተ ትታው ወጣች።

እናቷ ምብራት ከዓዲግራት አዲስ አበባ የመጣችው ሙሽራ ሆና ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ እሪ በከንቱ ካለ አንድ ግቢ ክፍል ተከራይቶ አስገባትና መንገድ ወጣ። አማርኛዋ ገና አልተፈታም። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ሽማግሌ ሞቱ። እድሩ ድንኳን ሲተክል፣ ማንንም የማታውቀው ሙሽራ ሸራው ተቀዶ አየች። መርፌና ክር ይዛ መጣችና ቁጭ ብላ ሰፋችው። ማንም አላዘዛትም። ከለቀስተኞቹ አንዷ «የማን ናት ይቺ ደግሞ?» ብትል፣ ሌላዋ «የእኛ ናት» አለቻት። ምብራት ይህችን ታሪክ ተርካ አትጠግብም ነበር። «አዲስ አበባ የገባሁት በመርፌ ነው» ትላለች።

ባሏ በሞት ቀደማት። ያን ጊዜ ያው ድንኳን እሷ ደጅ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። በምሰሶዎቹና በአግዳሚዎቹ ብረቶች ጫፍ ላይ ባለቀለም ጨርቅ አሰረችባቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ እንዲገጠም። «ሐዘን ያፈዘዘው ሰውም ቢተክለው አይሳሳትም» ትል ነበር። ቀን ቀን በረንዳው ላይ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን አሳደገች። ከአራዳ ልጆች ጋር እየተቀላለደች አማርኛዋም ምላሷም ተሳለ።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ገሚሱ ገላን፣ ገሚሱ አራብሳ፣ ገሚሱም ልጆቹ ዘንድ ሄደ። እድሩ የመጨረሻ ነው የተባለ ስብሰባ ጠራ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፈቀደ፣ ቆርቆሮና ምስማር ሲነግዱ የኖሩ ሰው፣ ሐሳብ አቀረቡ፤ ድስቶቹ ወደ አራብሳ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ገላን ይሂዱ፣ ድንኳኑ ይሸጥ፣ እድሩም በሰላም ይፍረስ። ምብራት እጇን አውጥታ አልተናገረችም። ሄዳ ጥግ ላይ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተነሽ እንጂ!» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

«ከቤቴ ተነስቻለሁ፣ ጋሼ። ከዚህ ደግሞ አልነሳም።»

«ምን ዓይነቷ ችካል ናት በናታችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ምብራት ዞር አለችለት። «ችካል ባይኖር ድንኳኑን በጥርስህ ልትይዘው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ፈቀደ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ድንኳኑ ሳይሸጥ ቀረ። እዚያው ሰፈሩ ጥግ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጋራዥ ያለው እንድሪስ፣ እሱም የእድሩ አባል ነው፣ ግቢው ስላልተነካ ዕቃውን ሁሉ አስገባላት። ምብራት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ችካል ተብላ ቀረች። በየሳምንቱ ከአራብሳ በአውቶቡስ እየመጣች ሸራውን ታናፍሳለች፣ የላላውን ትሰፋለች፣ ከእንድሪስ ሠራተኞች ጋር ስትበሻሸቅ ውላ ትመለሳለች።

«ኣደይ፣» ትላታለች ሔርሜላ፤ በቤታቸው ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። «ሰፈሩ እኮ የለም። ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

«የሄደው ግድግዳው ነው» ትላለች ምብራት። «ሰዎቹማ አሉ።»

ሔርሜላ አላመነቻትም ነበር። ያን ሐሙስ ከሰዓት አራብሳ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ያረፈች እናቷን ፊት ስታይም፣ ከሐዘኑ ጋር አብሮ የተጫናት ይኸው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሁሉ ቀብር እንዳያንስ ስትለፋ የኖረች ሴት፣ የራሷ ጊዜ ሸኚ ብታጣስ? ለጋሽ ፈቀደ ደወለች።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ አርፈሽ አልቅሺ። ሌላው የእኛ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ከኮሪደሩ ቁልቁል ብታይ ሜዳው ባዶ ነው። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ ወንበር የለም። ኢልሀምና የደረጃው ሴቶች ብቻ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ረፈደ። አሁንም ከእድሩ አንድ ሰው አልመጣም።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ እህቴ» አለች ኢልሀም።

«አዎ፣ ሩቅ ነው» አለች ሔርሜላ።

ስልኳ ጠራ። እንድሪስ ነው፤ ከኋላው የሰው ድምፅ ይጋፋል።

«ሔርሚ፣ የት ጠፋችሁ? ሕዝቡ እኮ ቆሞ ቀረ!»

«የት ነው የቆመው?»

«እዚህ ነዋ! ድንኳኑ ጠዋት ነው የተተከለው።»

«እዚህ የት፣ ጋሽ እንድሪስ?»

«ሰፈር ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ፈቀደ ለሁሉም እየደወሉ «ምብራት አርፋለች፤ ምብራት ቤት ድንኳን ይተከል» ብለው አስነገሩ። ምብራት ቤት የት ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም። ለዓመታት ሲመላለሱበት የኖሩትን ቤት ማን ይጠይቃል? ሁሉም ማለዳ ተነስቶ እግሩ ወደለመደው ሄደ። እማማ ወይንሸት የሚባሉ አሮጊት እንኳ፣ እዚያው አራብሳ ከምብራት ጎን ባለው ሕንፃ የሚኖሩት፣ በሯን አልፈው፣ አውቶቡስ ለዋውጠው እሪ በከንቱ ወርደዋል። ሲደርሱ ቤቱ በነበረበት ላይ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ አበባ ተተክሏል። እርስ በርስ ተያዩ። ማንም በማንም መሳቅ አልቻለም፤ ሁሉም እኩል ተሳስቷል። እንድሪስ ለጥገና የገቡትን መኪኖች እያስገፋ ከጋራዡ አወጣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ ገጠሙት። ድንኳኑ ቆመ።

ጋሽ ፈቀደ ስልኩን ተቀበሉ። «ልጄ፣ አፈርኩ። እርጅና ነው፣ ይቅር በይኝ። አሁኑኑ ነቅለን ይዘን እንመጣለን።»

ሔርሜላ እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው ኢልሀም ደንግጣ ስታያት ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳትነቅሉት» አለች። «እኔ ይዣት እመጣለሁ።»

አስከሬኗን የያዘው መኪና ራስ መኮንን ድልድይ ሲደርስ መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ታክሲዎች ቆመዋል፤ ረዳቶቹ መጣራታቸውን ትተው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ምብራትን ድንኳኑ ሥር አሳርፈው አለቀሱላት። ከዚያ ዳገቱን እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በመኪና አልወሰዷትም፤ ሳጥኑን በትከሻ እየተቀባበሉ ወጡ። አንደኛውን ጫፍ እንድሪስ ያዘ፤ ሌላውን በልጅነታቸው ዩኒፎርም የሰፋችላቸው፣ አሁን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ተፈራረቁበት። ሔርሜላ ዞር ብላ ብታይ የሰልፉ ጫፍ ገና ከድልድዩ አልተነሳም። ኣደይ ልክ ነበረች። ሔርሜላ እያለቀሰች ቀና ብላ ሄደች።

«በሯን አልፌ እኮ ነው የመጣሁት!» ይላሉ እማማ ወይንሸት፣ ላገኙት ሁሉ፣ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ለቅሶ። «በቁሟም በሞቷም ወዲህ ጎተተችኝ፣ ይቺ ችካል!»

በሠልስቱ ጋሽ ፈቀደ ድንኳኑ መሐል ቆሙ። «እድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል ብዬ አልጠይቅም» አሉ። «መጠየቅ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ድንኳኑን ብቻውን ይንቀለው።» ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከእንግዲህ ድንኳኑ አባሉ ወዳለበት እንዲጓዝ፣ ቀብሩን በሰፈሩ ለፈለገም የእንድሪስ ግቢ እንዲከፈት ተስማሙ። ቁልፉን ለሔርሜላ ሰጧት።

ሥራዋ ስትመለስ ያ ገጽ ይጠብቃት ነበር። «ቢነሱም ሰፈራቸው የማይለቃቸው ሰዎች» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ከእንግሊዝኛው ይረዝማል። ደንበኛው ግን አልመለሰውም።

የቀረው ድንኳኑ ነው። ሲጠቀልሉት አንደኛው ጥግ ተተርትሮ ተገኘ። ምብራት ክረምት ሳይገባ እጨርሰዋለሁ ብላ ጀምራው ኖሯል፤ መርፌው ከነክሩ ሸራው ላይ ተሰክቷል። ሔርሜላ ስፌት አልተማረችም። ክረምቱ ገብቷል፣ ጥጉ እስካሁን አልተሰፋም።