በዳቦ የተሳበበው አረንጓዴ ውሃ

ወንድም ጋሼ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ እጁ ተሳስቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ እንደሚለው ማለቴ ነው። ባለፈው ዓመት የዓሣ ፍቅር ያዘውና፣ እኔ በካርድ ክፍል በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ትልቅ አኳሪየም አቆመ። ዓሦቹ ትንንሽ ናቸው፤ ተክሎቹ ግን ለምለም ነበሩ። ጥርሱን ያመመው ሁሉ እነሱን እያየ ሕመሙን ይረሳል። ወንድሜም ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ ደረቱን ነፍቶ ውሃ ይቀይራል።

አንድ ቅዳሜ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው። ግማሹን ቀድቶ ደፋ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን፣ አልጌ የሚሉትን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በአሮጌ የባንክ ካርድ ፋቀ፤ ማጣሪያውን አጠበ። በሳምንቱ ባሰበት። በሦስተኛው ቅዳሜማ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ፤ ዓሦቹ የት እንዳሉ እንኳ አይታይም።

"ይሄ የምግብ ትርፍራፊ ነው" አለ። "አንድ ሰው ፍርፋሪ እየጣለበት ነው!"

ዞር ሲል እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ወለል ይወለውላሉ። ከሽርጣቸው ኪስ የቁርስ ዳቦ ብቅ ብሏል።

"አንቺ ነሻ!" አላቸው፣ ታላቅ እህቱ የሚሆኑትን ሴት። "ዳቦሽን እዚህ የምታራግፊው ዓሦቼን ልትጨርሺ ነው? የተቀጠርሽው ልታጸጂ ነው ወይስ ልታቆሽሺ?"

ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ነበር። ሰው ሁሉ ያበጠ ጉንጩን እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ። እትዬ "ኧረ እኔ አልነካሁም፣ ልጄ" ብለው ዳቦውን አውጥተው አሳዩት። በፌስታል የተቋጠረ ነው፤ ገና አልተቆረሰም። እሱ በንዴት አላየውም። እኔ አየሁ። አየሁና ምላሴን ዋጥኩ፤ ወንድሜን በሰው ፊት ማሳጣት ከበደኝ። እሳቸው ሲዋረዱ ግን አልከበደኝም ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ወዲህ እትዬ መጠበቂያ ክፍሉን ታካሚ ሳይገባ አጽድተው ይወጣሉ። በቀልዳቸው ሆዴን እስኪያመኝ ያስቁኝ የነበሩት ሴት ሰላምታቸው አጠረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የክሊኒኩ የሌሊት ዘበኛ ወንድሜን በር ላይ አገኘው።

"ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት ሌሊት የዓሣውን መብራት እንደበራ ስለተዉልኝ። ለእኔ ብለው ነው አይደል?"

"የምን ሌሊት?" አለ ወንድሜ፤ ሮጦ ገብቶ አምፖሉን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመር አየው።

የአኳሪየሙ አምፖል ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት እንዲበራ የሞላው እሱ ነው። ባለፈው ወር ግን መብራት ሁለቴ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ታይመሩም ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ እየዘገየ አምፖሉ የሚበራው ሌሊት ሆነ፤ ቀን ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን አለ። ውሃው ጨለማ የሚባል ሳያይ ከረመ፤ አልጌ ደግሞ ብርሃን ሲበዛለት ይራባል። እኔም ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ ሳየው ወንድሜ ያጠፋው መስሎኝ አልጠየቅሁም። እሱ ግን ለደንበኞቹ ሁሉ "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ታይመራችሁን አስተካክሉ" የሚል ሰው ነው!

ታይመሩን አስተካከለና አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ሸፍኖ አራት ቀን አጨለመው። ሲገልጠው ውሃው ጠርቷል። ያን ዕለት ጠዋት ታካሚ ሳይመጣ እትዬን ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ አንገቱን ደፍቶ "ይቅር ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አላቸው።

እትዬ መወልወያቸውን ጨመቁ። "የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው፣ ልጄ። እዚህ ማን ሰማህ?"

ቅዳሜ ክፍሉ እስኪሞላ ጠበቀና እትዬን ጠርቶ መሃል ላይ ቆመ። "እትዬ ውሃውን አላበላሹም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በደልኳቸው" አለ። እኔም ከካርድ ክፍል ወጥቼ "እኔም እያየሁ ዝም ብያለሁ" አልኩ።

ታካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ሴት "ምን ሆነው ነው?" ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ያን ቀን ስድቡን የሰሙት ጥርሳቸውን ታክመው ሄደዋል። እትዬ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።