አክስቴ የወረዱበት ቁልቁለት

ጎንደር ውሃ በጠፋ ቁጥር፣ ይጠፋልም፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቢጫ ጀሪካን ቀድቼ እጠጣለሁ። ያ ለብ ያለ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ውሃ የቤቱን ሰው ሁሉ ፊት ያስጨማድዳል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ምላሴን ሲነካው ከአይከል በታች ያለው ቁልቁለት፣ የደረቀው ሣር ሽታና የአክስቴ ጎበጥ ያለ ጀርባ ይመጡብኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነበር። የምንኖረው ቆላ፣ ኮኪት ነበር። አባቴ ሰሊጥ ያርሳል፤ ያኔ ከሱ በዕድሜ ብዙ የማታንስ አንዲት ፒካፕ ነበረችው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ አንቱ ሲላቸው አባቴ ብቻ አንቺ ይላቸው ነበር፤ ቅር ሲላቸው አላየሁም።

የኛ ሰዎች ከደጋ ወደዚያ ቆላ የወረዱት አስፋልቱ ሳይታሰብ በፊት፣ በጥንቱ የነጋዴ መንገድ፣ በሬና አህያ እየነዱ በእግራቸው ነው። በዚያ ጉዞ ላይ የአባቴን እናት ንዳድ ያዛትና መንገድ ላይ ቀረች። እዚያው ቀብረዋት አለፉ። አባቴ ገና ዳዴ የማይል ሕፃን ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ አዝለው ያወረዱት አክስቴ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ያልጨረሱ ልጅ ነበሩ።

አባቴ ትራክተር ተሰብሮበት፣ ሰሊጡን ዝናብ መትቶበት የማይማረር ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨው ነበር። ቀብር ውሎ በመጣ ቁጥር ጥግ ይዞ ይቀመጥና «እኔኮ እናቴን ያልቀበርኩ ሰው ነኝ» ይላል። አክስቴ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ነገር ይለውጣሉ። በዚያ ዓመት ግን ዓይናቸው እየደከመ መጣ። አንድ ጠዋት ራሳቸው፣ ጨርሶ ሳልታወር ውሰደኝና ቦታውን ላሳይህ አሉት። አባቴ ዐፅሟን አፍልሶ ቤተ ክርስቲያን ሊያሳርፍ አስቦ ነጭ አቡጀዲ ገዛ። ሦስታችን ተነሳን።

ሸሕዲን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ አባቴ በየመታጠፊያው እያቆመ እዚህ ነው ወይ ይላል። አክስቴ በመስኮት እንኳ አላዩም። እኔ የወረድኩ እንጂ የወጣሁ አይደለሁም፣ አቀበቱን አላውቀውም አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ጫፉ ወጥተን መኪናዋን አዞርናት። ቁልቁል ሲሆን ደግሞ መኪናዋ ሮጠችባቸው፤ ቦታ መለየት አቃታቸው። አባቴ ቀስ አለ፤ አሁንም ሮጠች። በመጨረሻ አስፋልቱ ዳር አቆምናትና ወደ አሮጌው መንገድ በእግራችን ገባን።

መንገዱ ነበር። ስንት ዘመን የተመላለሰ ኮቴ ድንጋዩን በልቶ አጎድጉዶታል። ግራና ቀኙ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል። ከታች ቆላው በሙቀት ይርገበገባል። እኔ ባዶ እጄን ማለት ይቻላል፣ አንዲት የውሃ ጀሪካን ይዤ፣ በሸራ ጫማ፣ ድንጋይ እየያዝኩ ነበር የምወርደው። ይህን መንገድ ሰው ልጅና ወፍጮ ይዞ እንዴት ወረደው? ወባውን እያወቁ፣ አውሬውን እያወቁ፣ ለልጆቻቸው መሬት ፍለጋ ወረዱ። ዛሬ ያ መንገድ እንደልብ የሚኬድበት አይደለም፣ አክስቴም ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔ ግን እነዚያን ሰዎች ባሰብኳቸው ቁጥር እኮራባቸዋለሁ።

አክስቴ ግራ ገባቸው። ቆም ብለው ተራራውን ያያሉ፣ ሸለቆውን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፀሐይዋ በረታች። አባቴ ላቡን ጠረገና «ኸላስ፣ በቃ እታለም፣ ጠፍቶብሻል። እንመለስ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፁ ግን ሰለለ።

አክስቴ እጄ ላይ ያለውን ጀሪካን አዩና «እስቲ እሱን አሳዝዪኝ» አሉኝ።

ፀሐይ መታቻቸው ብዬ ደነገጥኩ። አይሆንም ብል ተቆጡኝ። እየፈራሁ በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ ጠፍሬ አሰርኩላቸው። ወገባቸው ታጠፈ፣ አንገታቸው ወደ መሬት ወረደ።

«እኔ ተራራ መች አየሁ?» አሉ። «አዝዬ አልነበር? እኔ ያየሁት መሬቱን ነው።»

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። እዚህ አዳልጦኛል፣ እዚህ ጉንዳን ነክሶኛል፣ እዚህ አልቅሰህብኛል እያሉ ድንጋይ ከድንጋይ እየለዩ ወረዱ። አባቴ ከኋላቸው አፉን ከፍቶ ይከተላል። በዚያች ሰዓት አክስቴን እንዳደነቅኩ ማንንም አድንቄ አላውቅም። ነጭ መስመር የገባበት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«እዚህ ነው የቆምኩት።»

አባቴ ዙሪያውን ቃኘ። ከድንጋዩ በስተጀርባ እሾህ የወረሰው ቁጥቋጦ ነው። በውስጡ እዚህም እዚያም የድንጋይ ክምር ይታያል፤ በዚያ መንገድ የቀረችው እሷ ብቻ አልነበረችም። የትኛው ነው አለ አባቴ፣ አቡጀዲውን ከብብቱ እያወጣ።



«አላየሁም» አሉ አክስቴ። «አይቼስ ቢሆን እስከ ዛሬ መች እደብቅህ ነበር? ሲቀብሯት ፈራሁና ጀርባዬን ሰጠኋት። አፈሩ ሲወድቅ ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

«አንተ ግን ጀርባዬ ላይ ነበርክ» አሉት። «በእሷ በኩል ነበርክ። እናትህንማ ቀብረሃል። ያልቀበርኳት እኔ ነኝ።»

አባቴ ነጠላቸውን ፈታና ጀሪካኑን አወረደላቸው። ከዚያ ሁለት ትከሻቸውን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ፣ ወደ ቁጥቋጦው አዞራቸው። አክስቴ በደከመ ዓይናቸው ክምሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያም በልጅ ድምፅ «እማዬ» ብለው ተጣሩ።