በቀለች ባዶ እጇን ልትሄድ ያሰበችበት ቀን

በቀለች ኦስሎ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ስትኖር አንድም ቀን ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። በሥራ ቀን ከአረጋውያን መጦሪያው ኮሪደር ጫፍ እስከ ጫፍ የምትመላለሰው የምግብ ትሪ፣ የአንሶላ ክምር ወይም የአንድ ሽማግሌ ክንድ ይዛ ነው። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ግሮንላንድ የሚባለው የገበያ ሰፈር ጎራ ብላ የገዛችው ጤፍና ሽንኩርት ትከሻዋን እየቆረጠው ባቡር ትሳፈራለች። ሰፈሯ ሆልምሊያ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ አይቷት «ቤት እየቀየርሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት ጎረቤት አለ። የእረፍቷማ ይብሳል። በሁለት ዓመት አንዴ አዲስ አበባ ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ የራሷ የሆነው ሁለት ቀሚስና የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው፤ የቀረው አርባ ኪሎ የሰው አደራ ነው። የአንዷ እናት የስኳር መድኃኒት፣ የአንዱ ልጅ የኳስ ጫማ፣ የሌላዋ የሠርግ ሽቶ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኮተቤ እስከ አየር ጤና አደራ ስታድል ትከርምና የመልሱን አደራ ተሸክማ ትመጣለች።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ የራሷ ነው። እምቢ ማለት አይሆንላትም። ልጇ ማዕዶት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ በሳምንት አንዴ «ማማ፣ ኔይ ማለት ተለማመጂ፤ አንዲት ቃል እኮ ናት!» ትላታለች። በቀለችም እሺ እሺ ለማለት «ያ፣ ያ» ትላለች።

በፈረንጆች 2008፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ መጦሪያው የሠራተኞች ክፍል ውስጥ የጉዞ መጽሔት ተቀምጦ አገኘች። ኖርዌጂያኖች ፀሐይ የሚወጣበትን የደቡብ አገር ሁሉ «ሲደን» ነው የሚሉት፤ ሄደው ተጠብሰው ይመጣሉ። በቀለች መጠበስ አላማራትም። ዓይኗ ያረፈው ፖርቶ ሴራቫ በምትባል ትንሽ የጣሊያን የወደብ መንደር ላይ ነው። ቢጫና ሮዝ ቤቶች ውኃው ዳር ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ የሚያስወጣ አሮጌ ምሽግ አለ፤ በወዲያ በኩል ባሕሩ ውስጥ የገባ የድንጋይ መንገድ ጫፉ ላይ የመብራት ግንብ ቆሟል። መኪና አይገባባትም። «በእግር፣ በአንድ ቀን» ይላል ከሥር። በቀለች መጽሔቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሃምሳ አራት ዓመቷ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ እጇን እያወዛወዘች፣ ማንም ሳይጠራት፣ ምንም ሳትሸከም መሄድ አማራት። ከዚህ ሌላ ከሕይወቷ ምንም አልጠየቀችም።

የአንድ ሳምንት ጉዞ ገዛች፤ የመንደሯ ጉብኝት ረቡዕ ነው። ለማንም ላለመናገር ምላ ነበር። ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ፌርየሽን፣ የዘንድሮ እረፍትሽን፣ የት ልታሳልፊ ነው?» ብላ የጠየቀቻት የዓለምወርቅ ናት። የዓለምወርቅ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ኩላሊቷን በማሽን የምታሳጥብ ሴት ናት። ለእሷ መዋሸት ከበደ።

«ጣሊያን» አለች በቀለች ቀስ ብላ።

«ጣሊያን? ወንድሜ ኃይለመስቀል ያለው እኮ ጣሊያን ነው!»

እንግዲህ የእኛ ሰው ጂኦግራፊ እንዲህ ነው። ለማንም አበሻ አሜሪካ አንድ ግቢ፣ ጣሊያን ደግሞ አንድ ክፍል ቤት ናት። የዓለምወርቅ ታናሽ ወንድም ቶሪኖ ሳህን ያጥባል፤ ወረቀቱ ከጣሊያን አያስወጣውም፤ ከቶሪኖ እስከዚያች መንደር ባቡር ቀያይሮ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ማን ይጠይቃል? ቅዳሜ በቀለች በር ላይ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ፌስታል ቆመ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ወፍራም የሱፍ ሹራብ። በሰኔ! ለጣሊያን! ማዕዶት ፌስታሉን አይታ «ማማ፣ ኔይ!» ብላ ጮኸች። በቀለች ሻንጣዋን ከፍታ ሁለት ቀሚሷን አወጣች።

ኃይለመስቀል ከሥራ የሚያርፈው ረቡዕ ብቻ መሆኑን የሰማችው ሆቴሏ ከገባች በኋላ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ምን ነበረበት? ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ መዋኛው ዳር ቁጭ ብላ ቀዩን ሕዝብ ስትመለከት ነበር የዋለችው። አይ፣ ረቡዕ!

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ከመንደሯ በላይ አወረዳቸው። በርበሬው በመንገድ ስላስነጠሳቸው ከኋላዋ የነበሩት ባልና ሚስት መስኮት ከፍተው ነበር የመጡት። አስጎብኚዋ ካርታ አደለችና ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ እንገናኝ፣ የዘገየ ይቀራል አለች። በቀለች ካርታውን በግራ እጇ፣ ፌስታሉን በቀኝ እጇ ይዛ ቁልቁል ወረደች።

መንደሯ ከሥዕሉም ትበልጥ ነበር፤ ይኼ ነው የሚያናድደው። ጠባቡ መንገድ ሲያልቅ ድንገት ወደቡ ፊቷ ተዘረጋ። አንድ ሽማግሌ ጀልባውን ገልብጦ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ ሴቶች በረንዳ ለበረንዳ ይነጋገራሉ፤ የዓሣ መረብ ግድግዳ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሳሙናና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። በቀለች ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ወደ ድንጋዩ መንገድ ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ በቀለች! ኃይለመስቀል ነኝ። ባቡር ላይ ነኝ። በአምስት ሰዓት እደርሳለሁ፤ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ይቆዩኝ፣ እንዳንተላለፍ።»

ባቡር ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው። ወጣች። አምስት ሰዓት ሆነ፤ የለም። አምስት ተኩል ላይ ደወለ፦ መቀየሪያው ባቡር አምልጦታል። «ባሉበት ይጠብቁኝ እትዬ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!» በቀለች ስልኩን አፍጥጣ አየችው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትንቀሳቀስ ኖራ አትንቀሳቀሺ የተባለችው ዛሬ ነው። እልህ ያዛትና ፌስታሉን አንጠልጥላ ወደ ምሽጉ ሄደች። ደረጃውን እየቆጠረች ወጣች። ሹራቡ ፌስታሉን ወጥሮት እጀታው ጣቷን ሲከረክራት፣ በግራ ስትለውጠው፣ እንደገና በቀኝ ስትለውጠው ዘጠና ሁለተኛው ላይ ደረሰች። ስልኩ ጮኸ።

«ደረስኩ እትዬ!»

እየሮጠች ወረደች። ጣቢያው በር ላይ ድመት እንጂ ሰው አልነበረም። ደወለች። ሰውዬው አንድ ጣቢያ ቀድሞ ወርዷል፤ በየመንደሩ መካከል የባቡር ዋሻ ስላለ ለእንግዳ አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ የሚቀጥለው ባቡር ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። «ምንም አይደለም፣ በተራራው በእግሬ መጣሁ! አጠገብዎ ነው አሉኝ!»

«አይ የሱ ነገር! በእግሩ ይምጣ!» አለች በቀለች ለድመቷ። የመንደሯን ዳር በእግሩ የሚያየው እሱ፣ የምትገተረው እሷ። አንድ የአውቶቡሷ ኖርዌጂያዊት አይስክሬም እየላሰች በፊቷ አለፈችና ከምሽጉ ላይ የሚታየውን ልትገልጽላት ሞከረች። በቀለች ፈገግ አለች። ውስጧ ግን እርር ድብን ብላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ላብ ያጠመቀው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀጭን ሰው ከተራራው መንገድ ብቅ አለ። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ብብቱን ደግፋ አነሳችው። ፌስታሉን ዘረጋችለት። ከፍቶ አየ፤ ሳቀ።

«ወይ እህቴ! በርበሬ እኮ እኛ ሰፈር ሞልቷል። ከቤቴ ሥር የአበሻ ሱቅ አለ። ስንት ጊዜ ነገርኳት።»

በቀለች በልቧ ለእህቱ የምትነግራትን አንድ በአንድ መደርደር የጀመረችው ያኔ ነው። አሁንም ሰዓት አላት፤ አንድ ሰዓት ከምናምን። በፍጥነት ከሄደች ምሽጉ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። እጇም አሁን ባዶ ነው።

«በል ወንድሜ፣ እኔ እዚያ ላይ...»

«ኧረ በሞቴ! ሳልጋብዝዎትማ አይሆንም! እህቴ ምን ትለኛለች?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። አንዱ «አይሆንም» ይላል፣ አንዱ «በሞቴ» ይላል፣ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ በሞቴ ነው። ወደቡ ዳር፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቷ ኃይለመስቀል ነበር። ዓሣ አዘዘ። እሱ ብዙም አልበላም፣ ስለ እህቱ ይጠይቃል። ትተኛለች ወይ? ማሽኑ ያማታል ወይ? ማን ያደርሳታል? በየትኛው ክንዷ ነው መርፌው? በቀለች የግራ ክንዷን ዘርግታ ቦታውን አሳየችው። እሱም ቦታውን ለረጅም ጊዜ አየው። ስትነሣ ሁለት ጠርሙስ የወይራ ዘይት በጋዜጣ ጠቅልሎ አስታቀፋት፤ ለእህቱ።

«ቀንዎን አበላሸሁብዎት።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለች። ውሸቷን ነው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ዳገቱን የወጣችው ዘይት ታቅፋ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ንግግሯን ስታጠናው ከረመች። በአውሮፕላኑ አጠናችው፤ በቲባነው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወደ ሮምሶስ ስትሄድ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከፊቷ የተቀመጠ ሰው አይቷታል። «የዓለምወርቅ፣ ስሚኝ» ብሎ ይጀምራል። «እኔ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አይደለሁም» ይቀጥላል። መጨረሻው «ከእንግዲህ ለማንም» የሚል ነው። ማዕዶት ብትሰማ ታጨበጭብ ነበር።

በሩ ገና ሳትደውል ተከፈተ። የዓለምወርቅ ጠረጴዛው ላይ ምግብ አሰናድታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ነው የጠበቀቻት። ዘይቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። በቀለች ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ «ስሚኝ» ልትል ስትል፣ የዓለምወርቅ ቀደመቻት።

«አገሩ እንዴት ነው? ሥዕል ይመስላል ይላሉ። ምን ምን አየሽ?»

በቀለች ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት፤ ንዴቱ ብቻ ቀረ።

«ምን አያለሁ? ወንድምሽን ነዋ! ጠዋት ወንድምሽን ስጠብቅ፣ ቀትር ላይ ወንድምሽን ስጠብቅ፣ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ወንድምሽን ሳይ! ሌላ ምን አየሁ? ከወንድምሽ ሌላ ያየሁት ነገር የለም!»

የዓለምወርቅ ጋዜጣውን ከጠርሙሱ ላይ እየላጠች ሳለች እጇ እዚያው ቆመ። ወንድሟን ካየችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

«ታድለሽ» አለች።

በቀለች ጃኬቷን አወለቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፀጉሩ ከፊት ለፊት ሸሽቷል» ብላ ጀመረች። «ግን ሲስቅ አንቺን ነው የሚመስለው።»